ሦስቴ እና የሃያ አንድ ቀኑ ደብዳቤ

የባለቤቴን ወንድም ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ሦስቴ» ብሎ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠሩት ግብር ሰብሳቢዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ወረቀት አይተው ነው። ስሙን ያተረፈው በሙያው ነው። የወንድ ኮት ሰፊ ነው፤ ጎበዝ ሰፊ ነው፤ ይህን ብክድ አፌ ይጣመም። ነገር ግን ኮቱን ሦስት ጊዜ ሳያስለካህ ብትሞትም አይሰጥህም።

መጀመሪያ በነጭ ክር የተወሰወሰ፣ እጅጌ የሌለው ነገር ያለብስህና መስታወት ፊት ያቆምሃል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አንገቱን ዘመም ያደርጋል፤ «አይሆንም» ይላል። ጨርቁን የቆረጠው ራሱ መሆኑን ረስቶ አንተን በጥፋተኛ ዓይን ያይሃል። ሳምንት ቆይተህ ስትመለስ እጅጌው ገብቷል። አሁንም ሁለት እርምጃ፣ አሁንም አንገት ዘመም። «ተሻሽሏል፤ ግን አይሆንም።» በሦስተኛው ትከሻህን መታ መታ ያደርግና «አሁን ገና ኮት ሆነ» ይልሃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ምን እንደተለወጠ ከእሱ በቀር ያየ ሰው የለም። እኔ ይህን ልክ ስጠብቅ የሠርጌ ቀን ሊያመልጠኝ ለጥቂት ነው።

ኮት ላይ ብቻ ቢቀር ማን ከልካይ ነበረው? ችግሩ አመሉን ከሱቁ በር ውጭም ይዞት መዞሩ ነው። ሐኪም መጀመሪያ የነገረውን አይሰማም። ባለሱቅ መጀመሪያ የመዘነለትን ሽንኩርት አይወስድም። በወጣትነቱ ሊያገባቸው ከታሰቡት ሴቶች የመጀመሪያዋን «ይቆይ» አለ፤ ሁለተኛዋን «ይሄኛው ይሻላል፤ ግን ይቆይ» አለ፤ ሦስተኛዋ እሷ ራሷ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና «አይሆንም» አለች። ይኸው እስከ ዛሬ ብቻውን ይኖራል።

እኔ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል ፋይል ስቀበልና ማኅተም ስመታ ኖሬያለሁ። ሰው የሚካሰሰው ለገንዘብ የሚመስለው ካለ መዝገብ ቤት ሠርቶ አያውቅም። አብዛኛው ሰው የሚካሰሰው፣ ካባ የለበሰ ሰው ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ «እውነት አለህ» እንዲለው ነው። ለዚህች ለአንዲት ቃል ቤቱን የሸጠ ሰው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ሱቁ የሦስቴ ብቻ አይደለም። አባታቸው ለሁለቱ ልጆቹ እኩል አውርሷቸዋል፤ ግማሹ የባለቤቴ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ ገበር ታስገባለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ ትሠራለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሠርተዋል። ለእሱ ኮት ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው በእሷ የቁልፍ ቀዳዳ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱ ፊት ግን ተናግሬው አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ታዲያ ዓይኗ ይከዳት ጀመር። መጀመሪያ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት። ቀጥሎ ማንበብ ቀረ። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው» አላት። «የጠፋው አይመለስም፤ አልዋሽሽም። የቀረውን ግን ሳይዘገይ ኦፕራሲዮን ከተደረግሽ ማትረፍ ይቻላል።» ለሁለቱም ዓይን ሰማንያ አምስት ሺህ ጠየቀ። የእኔ ደመወዝ እዚያ የሚደርሰው ጡረታ ወጥቼም፣ ሞቼም ነው።

ውሃው የመጣው ነገሩ እንዲህ እንዳለ ነው። ከሱቁ በላይ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። አንድ ቅዳሜ የፀጉር መታጠቢያው ቧንቧ ሳይዘጋ ተረስቶ ቤቱ ተቆለፈ፤ እሑድን ሙሉ ሲፈስ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሦስቴ በሩን ሲከፍት፣ ለአንድ ሆቴል አስተናጋጆች የተሰፉ ሠላሳ ኮቶች በየመስቀያቸው ሆነው ውሃ ያንጠባጥባሉ። ሁለት ጣቃ ጥቁር ሱፍ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። የፀጉር ቀለምም ከውሃው ጋር ወርዶ ኖሮ ግድግዳው ቀይ ዳማ ሆኗል።

ባለፀጉር ቤቷ ባልዲና መወልወያ ይዛ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ኮቶቹን ስታይ አለቀሰች። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እከፍልዎታለሁ። ስንት እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አለች። ጤነኛ ሰው እዚያው ወረቀትና እርሳስ ያወጣ ነበር። ሦስቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ አንገቱን ዘመም አደረገ፤ «ይህን በፍርድ ቤት እናየዋለን» አላት።

ክሱ የተከፈተው በአራት መቶ ሺህ ነው። ከኮቱና ከሱፉ ዋጋ ሌላ «የሙያ ክብር መነካት» የሚል መስመር ነበረበት፤ ጠበቃው ራሱ ሲጽፈው ሳቁን እንዳፈነ አጫውቶኛል። ባለቤቴ ለወንድሟ ውክልና ሰጠች። ስትፈርም ብዕሩን የት ላይ እንደምታሳርፍ ጣቷን ይዤ ያሳየኋት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ወር ከባለፀጉር ቤቷ ጠበቃ ደብዳቤ መጣ፤ በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ የተተየበ፣ ሁለት ገጽ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። መቶ ሰማንያ ሺህ እንከፍላለን፤ እስከ ዛሬ ያወጣችሁትንም የፍርድ ቤት ወጪ እንሸፍናለን፤ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ እሺ በሉን። እምቢ ካላችሁ ክርክሩ ይቀጥላል፤ ዳኛውም ስለዚህ ደብዳቤ ምንም አይሰሙም። በመጨረሻ የሚፈርዱላችሁ ገንዘብ ከመቶ ሰማንያ ሺህ ካልበለጠ ግን ደብዳቤው ያኔ ይወጣል። ከሃያ አንደኛው ቀን ወዲህ እኛ ለጠበቃ፣ ለባለሙያ፣ ለምኑም ለምኑም ያወጣነውን የምትከፍሉት እናንተ ትሆናላችሁ፤ የራሳችሁንም እንደዚሁ።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ የታወቀ ደንብ ነው። በመዝገብ ቤት ዕድሜዬ ስንቱን አይቼዋለሁ። የሚገባህን ያህል ገንዘብ ሲዘረጋልህ እጅህን ከሰበሰብክ፣ ከዚያ ወዲያ ለሚደረገው ሙግት የሌላውን ሰው ኪስ አታራቁት ነው የሚለው። እኔ በበኩሌ ክፋት አላገኘሁበትም።

ደብዳቤው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ ሱቁ ጎራ አልኩ። ባለቤቴ የዓይን ጠብታ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ሁለቱንም ገጽ ቆሜ አነበብኩት።

«ምን አሰብክ?» አልኩት።

«የመጀመሪያቸው ነው» አለኝ፣ ጠመኔውን ከጆሮው ላይ እያወረደ።

«ምን ማለት ነው የመጀመሪያቸው?»

«አማቼ፣ ሰው የመጀመሪያውን ልክ ለብሶ ይሄዳል እንዴ? ይሄ እኮ ገና እጅጌ የለውም። አይሆንም ትላቸዋለህ፤ ትንሽ ሰፋ አድርገው ይመጣሉ። አሁንም አይሆንም ትላለህ። የሚለበሰው ሦስተኛው ነው።»

«ደብዳቤ እኮ ነው፤ ኮት አይደለም! ሃያ አንድ ቀን ካለፈው አለቀለት። ዳኛው ከዚህ ያነሰ ከፈረዱልህ የእሷን ጠበቃ የምትከፍለው አንተ ነህ።»

«አንተ ማኅተም ትመታለህ እንጂ ልክ አታውቅም» አለና መቀሱን አነሳ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ያን ቀን አንድ ደንበኛ ባለ አንድ እጅጌ ኮት ለብሶ መስታወት ፊት ቆሟል። የመጣሁበትን ገና ግማሹን ሳልናገር ሦስቴ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ወደ ደንበኛው ዞሮ «ይኸ ሰው ከማን ጋር ነው ይላሉ?» አለው። ሰውዬው በአንድ እጅጌው ከትከት ብሎ ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ የራሱ ጉዳይ ነው ብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ደብዳቤው ከአፌ ቃል አልወጣም።

የሦስቴ ጠበቃም የበኩሉን አድርጓል። የሚመጣውን አስረድቶ «ተነግሮኝ አልቀበልም ብያለሁ» የሚል ወረቀት አስፈረመው። ሦስቴ ፊርማውን አሳምሮ ፈረመ። ጠበቃው የሚከፈለው በችሎት ቁጥር ስለሆነ ከዚያ በላይ እንቅልፍ አላጣም።

ለባለቤቴ ሁለታችንም አልነገርናትም። ሐኪሙ «ጭንቀት ግፊቱን ያባብሰዋል» ብሎ ነበርና፣ እኛ የሐኪም ትእዛዝ አክባሪዎች ነን።

ሃያ አንደኛው ቀን አለፈ። ሦስቴ ሁለተኛውን ደብዳቤ ይጠብቅ ጀመር። ፖስተኛው በመንገዱ ብቅ ሲል መቀሱን ያስቀምጥና ፊቱን ያስተካክላል። ፖስተኛው የመብራት ክፍያ ወረቀት ሰጥቶት ይሄዳል። አንድ ቀን ባለፀጉር ቤቷ ደረጃው ላይ አግኝታው «ጋሼ፣ ደብዳቤው አልደረስዎትም?» ብላ ጠየቀችው። «ደርሶኛል። እንደገና ሞክሪ» አላት። «እንደገና የለኝም» አለችው፤ «ያንን ለማሟላት ሁለት ማድረቂያ ሸጫለሁ።» ይህን ሲያወራልኝ ዓይኑ ያበራ ነበር። «ነጋዴ ናት፤ ያዝኳት» አለኝ።

ክርክሩ አሥራ አራት ወር ፈጀ። ባለፀጉር ቤቷ የጨርቅ ባለሙያ አቆመች፤ ባለሙያው ከሠላሳው ኮት አሥራ ስምንቱ ታጥቦና ተተኩሶ እንደሚለበስ መሰከረ፤ አንዱንም አሳጥቦ ይዞ መጥቶ ነበር። ሦስቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ኮት አይባልም። አንድ ሰው ይልበሰውና ላሳይዎት።» ዳኛው ጨዋ ሰው ናቸው፤ የችሎቱ ፖሊስ እንዲለብሰው ፈቀዱ። ሦስቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ከጠበቆቹ ጠረጴዛ ጋር ተላተመ፤ አንገቱን ዘመም አደረገ፤ «አይሆንም» አለ። ፖሊሱ ግን በመስኮቱ መስታወት ራሱን አይቶ ኮቱን እንደወደደው ያስታውቅ ነበር። ዳኛው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ከዚያም አንድ ነገር ጻፉ።

በእነዚያ አሥራ አራት ወራት ባለቤቴ ምን ሆነች? በአራተኛው ወር የግራ ዓይኗ ዳር ዳሩ ጠፋ። በዘጠነኛው ወር በጠራራ ፀሐይ ከሱቁ ደረጃ ወደቀች። ከዓመት በኋላ ቁልፍ የምትተክለው በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። ሦስቴ ባያት ቁጥር «ትንሽ ታገሺ እህቴ፤ ትልቁ ገንዘብ እየመጣ ነው» ይላታል። እሷም «እሺ ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጋዜጣ እገልጣለሁ።

የውሳኔው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። ዳኛው አነበቡ፤ ተከሳሿ ጥፋተኛ ናት፤ የከሳሽ ኮትና ሱፍ የተበላሸው በእሷ ቸልተኝነት ነው። ሦስቴ ደረቱን ነፋ። «የሙያ ክብር» የተባለው መስመር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ፤ አሥራ ስምንቱ ኮት በማጠቢያና በመተኮሻ ዋጋ ብቻ ተሰላ። ጠቅላላ ድምሩ መቶ ስድሳ አምስት ሺህ ሆነ። ሦስቴ የሰማው «ጥፋተኛ ናት» የሚለውን ብቻ ነው መሰለኝ፤ ዞር ብሎ ሁለት እጁን አጣምሮ ወደ እኛ ነቀነቀ። ባለቤቴ አላየችውም፤ «ምን አሉ? አሸነፍን?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «አሸነፍን» አልኳት። ቁጥሩ ከመቶ ሰማንያው እንደሚያንስ ግን ሰምቻለሁ።

ይሄኔ የባለፀጉር ቤቷ ጠበቃ ተነሳ። «ክቡር ዳኛ፣ ስለ ወጪና ኪሳራ የምናቀርበው አለን» አለና የታሸገ ፖስታ አቀረበ። ዳኛው ፖስታውን ቀደዱት፤ ሁለቱን ገጽ በጸጥታ አነበቡ፤ ከመነጽራቸው በላይ ሦስቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀኑንና ገንዘቡን ጮክ ብለው ለመዝገብ አስያዙ። መቶ ሰማንያ ሺህ። ይህን ሲሉ የባለቤቴ እጅ ከክንዴ ላይ ተነሳ።

ሒሳቡ ብዙ አልፈጀም። ከሃያ አንደኛው ቀን ወዲህ የባለፀጉር ቤቷ ጠበቃ፣ የጨርቅ ባለሙያው፣ አሥራ ምናምን ችሎት፣ መቶ አሥራ ስምንት ሺህ። ሦስቴ ለራሱ ጠበቃ የሚከፍለው ስድሳ ሺህ። ከደብዳቤው በፊት ላወጣው ወጪ የሚመለስለት ዘጠኝ ሺህ። የባለቤቴ ወንድም ክሱን አሸንፎ አራት ሺህ ባለዕዳ ሆነ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ አላሸነፍኩም እንዴ?» አለ ሦስቴ።

«አሸንፈዋል» አሉት።

«ታዲያ ለምንድነው የምከፍለው?»

«ስላሸነፉ አይደለም የሚከፍሉት። ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ ቀርቦልዎት አልፈልግም ስላሉ ነው።»

የሦስቴ ጠበቃ ቦርሳውን ዘጋ። ባለፀጉር ቤቷ በአጠገባችን ስታልፍ ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፤ ባለቤቴን አየቻትና ተወችው።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን፤ ባለቤቴ ከመሃል። ሦስቴ ኮቱን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አጠፈው።

«ያ ወፍራም ወረቀት ነው?» አለች ባለቤቴ። «ጠረጴዛው ላይ የነበረው?»

«እሱ ነው» አልኳት።

«ቁልፍ ስደረድርበት ነበር እኮ። ወፍራም ስለሆነ አያንከባልልም። ጽሑፉ በጣቴ ይሰማኝ ነበር። የጨርቅ ነጋዴ ደረሰኝ ነው ብዬ።»

«እህቴ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው» አለ ሦስቴ። «ሁለተኛው ይመጣል ብዬ…»

«አንተን አውቅሃለሁ ወንድም ጋሼ። አንተ መቼም እንደዚህ ነህ» አለችው፤ በቁጣ አይደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን ያገኘች መስሏት ትከሻዬን ነው የምታየው። «አንተ አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ገብቶሃል?»

«ሁለት ጊዜ ሄጄ ነገርኩት። አልሰማኝም። ሰው ፊት አዋረደኝ።»

«ለእኔስ ስንት ጊዜ ነገርከኝ?»

እስካሁን በሦስቴ ስቀልድ ቆይቻለሁ። ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። እንዳትጨነቅ ብለን ነው ያልኩት ውሸት ነው። አልነገርኳትም፤ ምክንያቱም በዚያ ባለ አንድ እጅጌ ሰውዬ ፊት ከተሳቀብኝ በኋላ፣ ሦስቴ አንድ ቀን እጁን በአፉ ጭኖ «ልክ ነበርክ አማቼ» ሲለኝ ማየት አምሮኝ ነበር። ደግሞም አራት መቶ ሺህ የምትለዋን ቁጥር እኔም በልቤ ለሁለት እየከፈልኩ ነበር። ከሁለት መቶው ላይ ለዓይኗ ከፍዬ በተረፈው የቤቱን ጣሪያ አድሼ፣ አንድ ክፍልም ጨምሬበት ጨርሻለሁ። መቶ ሰማንያው ለሁለት ሲከፈል ዘጠና ነው፤ ለዓይኗ ይበቃል፤ ለእኔ ጣሪያ ግን አይተርፍም። ደንቡን አንድ በአንድ የማውቀው እኔ ተስፋ ካደረግሁ፣ ሦስቴን ምን ብዬ ልፍረድበት?

ይህን ሁሉ አልነገርኳትም።

«ደብዳቤው እጅህ ላይ አለ?» አለች።

ግልባጩ ሦስቴ ይዞት በመጣው ፋይል ውስጥ ነበር፤ አወጣሁት።

«በመስኮትህ በኩል ለባለጉዳዩ ሁሉ ታነባለህ። አንብብልኝ።»

ማንበብ ጀመርኩ። ሰው በኮሪደሩ ይመላለሳል፤ አንዳንዱ ቆም ብሎ ያደምጣል። መቶ ሰማንያ ሺህ የሚለውን አነበብኩ። ሃያ አንድ ቀን የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ያኔ ኦፕራሲዮን ሆኜ ቢሆን፣ አሁን ፊትህን አየው ነበር?»

«ሐኪሙ እንዳለው ከሆነ፣ አዎ» አልኳት።

«ቀጥል» አለችኝ።